ጣፊያ ሁሉ ካላዛር አይደለም

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ አባላችን ያደረገችው ንግግር ነው። በዕለቱ ያልተገኙ አባላትም እንዲያነቡት በጠየቃችሁት መሠረት በጥቂቱ አሳጥረን አትመነዋል።)



ሰብሳቢያችን «ስለ ጤና አንድ ነገር ንገሪን» ስትለኝ ስለ አጎበር ወይም ስለ ውኃ ንጽሕና እናገራለሁ ብላ ሳትጠብቅ አልቀረችም። ስለ እነርሱ ብዙ ሰምታችኋል፤ ደግሞም ትሰማላችሁ። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የአገራችን ልጅ ሳይንቲስትና ስለ ታላቅ እህቴ ነው። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። እሳቸው የደም ካንሰርን በአሜሪካ አገር፣ ሚኒሶታ በሚባል ብርዳም ክፍለ ግዛት ሲመረምሩ ኖረዋል። እሷ እዚሁ መተማ ዮሐንስ ሻይ ታፈላ ነበር። እኔ ዘንድ ያገናኛቸው አንድ በሽታ ነው።

እህቴን እታለም እያልሁ ነው የምጠራት። ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። የዚህን ማኅበር የመጀመሪያ የቁጠባ ደብተር በእጇ የያዘች እሷ ነበረች።

ሕመሟ ሲጀምር «ግራ ጎኔን ከበደኝ» ነበር ያለችው። ቆየት ብሎ አንድ እንጀራ መጨረስ አቃታት። ሁለት ጊዜ ጎርሳ «ጠገብሁ» ትላለች። ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ያልባታል። በመተማ ሙቀት የማያልበው ማን አለ ብለን ዝም አልን። ቀሚሷ ሰፋት። ሥራ በዝቶባት ነው አልን።

አንድ ቀን እኔ ወደምሠራበት ጤና ተቋም መጣች። ጣቷን ወግቼ ደሟን የወሰድሁት እኔው ነኝ። ስላይድ ላይ ቀባሁት፣ ቀለም ነከርሁት፣ በማይክሮስኮፕ አየሁት። «ወባ የለም» ብዬ ጻፍሁ። እውነቴን ነበር፤ ወባ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ቤት ያለ ነገር ስለሆነ ባጭሩ ልናገር። ምርመራው ወባ የለም ቢልም አንዱ የወባ ኪኒን ሰጣት። ሌላው «ጣፊያ ነው» ብሎ በጋለ ብረት ሆዷን ተኮሳት። ቀጥሎ የሄደችበት ቦታ የካላዛር ፈጣን ምርመራ ተደረገላት። ውጤቱ ነፃ ነው አለ። «ፈጣን ምርመራው አንዳንዴ ይሳሳታል፤ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ጣፊያ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ተባለና የካላዛር መርፌ ለ17 ቀን ተወጋች። ጣፊያዋ ግን አንድ ጣት እንኳን አልቀነሰም።

እንዲህ ያደረጉላትን ሰዎች ልወቅስ አልቆምሁም። የቆላው ሰው ጣፊያው ሲያብጥ መጀመሪያ ካላዛርና ወባ መጠርጠር ትክክል ነው። ከሑመራ እስከ መተማ ያለው ጥቁር መሬታችን በበጋ ይሰነጠቃል፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው ትንሿ አሸዋ ዝንብ በስንጥቁ ውስጥና በግራር ሥር ትኖራለች። ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የሚወርደው ልጃችን በሜዳ ሲያድር ትነክሰዋለች። ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፣ መክሳት፣ ደም ማነስ፤ ይህ ሁሉ የካላዛር ምልክት ነው። ካልታከመም ይገድላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል የስንቱን ልጅ ሕይወት እንዳተረፈ እናንተ ታውቃላችሁ። ስሕተቱ ካላዛርን መጠርጠር አይደለም። ስሕተቱ ካላዛር ሳይሆን ሲቀር ሌላ አለመጠየቅ ነው።

በመጨረሻ ሪፈር ተጽፎላት ጎንደር ወሰድኋት። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ሄደች። እኔ በሥራ ቦታዬ ለጥራት ቁጥጥር ከምናስቀምጣቸው ስላይዶች መካከል የእሷን ፈልጌ ይዤ ነበር። ጎንደር ያለው ሐኪም አዲሱን ደሟን አየና ወደ ማይክሮስኮፑ ጠራኝ። «እዚህ ጋ ምን ይታይሻል?» አለኝ። ቀይ የደም ሕዋስ ክብ መሆን አለበት። እዚያ ብዙዎቹ ጫፋቸው ሾሎ የእንባ ጠብታ ይመስላሉ። ቀጥሎ ያመጣሁለትን አሮጌ ስላይድ አስገባ። ያው እንባ ነው።

ከአሥራ ስድስት ወር በፊት እነዚያ ሕዋሳት ከዓይኔ ሥር ነበሩ። እኔ የፈለግሁት ወባን ነበር። ወባን ስላጣሁ ስላይዱን አነሣሁ።

የመቅኔ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ሲመጣ ስሙ ማይሎፋይብሮሲስ ሆነ። የደም ካንሰር ዓይነት ነው። በአጥንታችን ውስጥ ያለው መቅኔ የደም ፋብሪካችን ነው። በዚህ በሽታ መቅኔው ቀስ በቀስ ጠባሳ እየሆነ ይደርቃል። ደም የመሥራቱ ሥራ ከቤቱ ሲፈናቀል ወደ ጣፊያና ወደ ጉበት ይሄዳል። ጣፊያ የሚያብጠው ለዚህ ነው። ከጠባሳው መካከል ተሽሎክሉከው የሚወጡት ሕዋሳት እንደ እንባ የሚሾሉትም ለዚህ ነው።

እኔ ይህን በሽታ በትምህርት ቤት በአንድ መስመር ብቻ ነበር የተማርሁት። ተመልሼ ማንበብ ጀመርሁ። ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ ስከፍት አንድ ስም ይመጣል። አያሌው ተፈሪ። ሌላ እከፍታለሁ፤ አሁንም አያሌው ተፈሪ። መጀመሪያ ያነበብሁትን አላመንሁም። የኛ ሰው ነው! እታለም የተኛችበት አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ስሙን ጮክ ብዬ አነበብሁላት። «የማን ልጅ ነው?» አለችኝ። የጎንደር ሰው መቼም ሌላ አይጠይቅም።

ዶክተር አያሌው ተፈሪ የኢትዮጵያ ተወላጅ ናቸው። ሕክምናን የተማሩት በግሪክ አገር በአቴንስ ነው። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግረው ሜዮ ክሊኒክ በሚባለው ታዋቂ ሆስፒታል በደም ሕክምና ልዩ ትምህርት ወሰዱ፤ እዚያው ፕሮፌሰር ሆኑ። ብቻቸውንና ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሟቸው የምርምር ጽሑፎች ከአንድ ሺህ ይበልጣሉ። የሥራ ዘመናቸውን የሰጡት ግን ለጥቂት በሽታዎች ነው፤ የእህቴ በሽታ ከእነዚያ አንዱ ነው።

እነዚህን በሽታዎች እንደ ሦስት እህትማማቾች እዩአቸው። አንዷ ቀይ የደም ሕዋስ ከልክ በላይ የምታበዛ ናት፤ ደሙ ይወፍርና ይረጋል፣ ፊት ይቀላል፣ ራስ ያማል፣ ገላ ከታጠቡ በኋላ ሰውነት ያሳክካል። ሁለተኛዋ ደም የሚያረጉትን ትናንሽ ሕዋሳት፣ ፕላትሌት የሚባሉትን ታበዛለች። ሦስተኛዋ መቅኔን ጠባሳ የምታደርገው ናት። ዊልያም ዳምሼክ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1951 እ.ኤ.አ. እነዚህ በሽታዎች ዘመዳማቾች ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ጽፎ ነበር። ዝምድናቸው በምን እንደሆነ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

አሁን ትንሽ ታገሡኝ፤ የሳይንሱ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። በሰሊጥ አጨዳ ልንገራችሁ።

መስከረም ሲጠባ ባለ እርሻው ሃምሳ ሠራተኛ ሲፈልግ ምን ያደርጋል? ለደላላው ይደውላል። ደላላው ገንዳ ውኃ አደባባይ ላይ ቆሞ ይጣራል። ሠራተኛው መኪና ላይ ይወጣል። ቁጥሩ ሲሞላ ባለ እርሻው «በቃ» ይላል፤ ደላላውም ዝም ይላል። በሰውነታችንም እንዲሁ ነው። ባለ እርሻው ኩላሊት ነው እንበል። ደም ውስጥ ያለው አየር ሲያንስ ኩላሊት መልእክት ይልካል። መልእክቱ መቅኔ ውስጥ ያለው ሕዋስ በር ላይ ይደርሳል። ከበሩ በስተ ውስጥ የቆመ ደላላ አለ፤ ስሙ ጃክ-2 ይባላል። መልእክቱን ተቀብሎ ለሌላው፣ ሌላው ለሌላው እያቀበለ እስከ ሕዋሱ እምብርት ያደርሱታል። ያን ጊዜ ሕዋሱ ይራባል፤ ቀይ ደም ይሠራል። በቂ ሲሆን መልእክቱ ይቆማል፤ ጃክ-2ም ያርፋል። የሕዋስ መልእክት ቅብብል የሚባለው ሳይንስ ይህ ነው።

አሁን ደላላው ታመመ እንበል። ማንም ሳይደውልለት ሌት ተቀን ይጣራል። ባለ እርሻው «በቃ» ቢል አይሰማም። ሠራተኛው እየተጫነ ይመጣል፤ ሰሊጡን ይረግጠዋል፣ ስንቁን ይጨርሰዋል። የነዚህ እህትማማች በሽታዎች ሥር ይህ ሆኖ ተገኘ። በ2005 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ፣ በስዊዘርላንድ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ያሉ አራት የምርምር ቡድኖች በአንድ ወቅት አንድ ነገር አገኙ። ጃክ-2 ከአንድ ሺህ አንድ መቶ በላይ ጥቃቅን ዶቃዎች እንደ ጨሌ ተሰክተው የተሠራ ነው። በሕሙማኑ ውስጥ 617ኛዋ ዶቃ ተቀይራለች። ያች አንዲት ዶቃ ናት ደላላውን ዝም የማያሰኘው። ቀይ ደም ከሚያበዛው በሽታ ሕሙማን ከመቶው ዘጠና አምስት ያህሉ ይህ ለውጥ አላቸው። በሌሎቹ በሁለቱ በሽታዎች ደግሞ ግማሽ ያህሉ ወይም ጥቂት የሚበልጡት።

ለሰው ሥራውን እንስጥ፤ ያችን ዶቃ ያገኙት ዶክተር አያሌው አይደሉም። የእሳቸው ጥያቄ ከዚያ ይቀጥላል። ይህ ለውጥ ለበሽተኛው ምን ማለት ነው? ማን ደሙ ይረጋል? ማን ረጅም ዕድሜ ይኖራል? ያ ለውጥ የሌለባቸው ግማሾቹስ ምን ሆነው ነው የታመሙት? የሜዮ ቡድናቸው ከቦስተን ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በ2006 እ.ኤ.አ. የ1,182 ሕሙማንን ናሙና መርምሮ ውጤቱን አሳተመ። ከጃክ-2 ነፃ ከሆኑት መካከል በአንዳንዶቹ ሌላ ብልሽት ተገኘ። በእነርሱ ደላላው ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው በሩ ራሱ ነው። የሚያንኳኳ ሳይኖር «ተንኳኳ» ይላል።

እኔ ይህን ሳነብ ልቤን የነካኝ እዚህ ነው። ምርመራው «ጃክ-2 የለበትም» ሲል፣ እሳቸው ስላይዱን አላነሡም። «ታዲያ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። እኔ «ወባ የለም» ብዬ ስጽፍ ያልጠየቅሁት ጥያቄ ያ ነው።

ከዚያ እሳቸውና ከልዩ ልዩ አገር የተሰባሰቡ ሊቃውንት፣ ይህ የደም ምርመራ የበሽታዎቹ መለያ ሕግ ውስጥ እንዲገባ ሐሳብ አቀረቡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው አዲስ መለያ ይህን ተቀበለ። ስማቸውም ካንሰር መሆናቸውን በግልጽ እንዲናገር ሆኖ ተቀየረ።

ደላላው ከታወቀ አፉን የሚይዝ መድኃኒት መፈለግ ተጀመረ። መንገዱን ያሳየው ሌላ የደም ካንሰር ነበር። ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኬሚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣውን የተበላሸ መልእክተኛ የሚያቆም ኢማቲኒብ የተባለ ኪኒን በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቅዶ ነበር። ይህ በሽታም ጣፊያን እጅግ ያሳብጣል። በአገራችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይህን ኪኒን በእርዳታ ፕሮግራም በነፃ እያገኙ ሥራቸውን እየሠሩ፣ ልጅ እያሳደጉ የኖሩ ሰዎች አሉ። ይህን የምነግራችሁ የደም ካንሰር የሚለውን ስም ስትሰሙ ሁሉ ለቅሶ እንዳትቀመጡ ነው።

ለጃክ-2 የተሠራው ኪኒን ሩክሶሊቲኒብ ይባላል። በ153 የማይሎፋይብሮሲስ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ሲታተም ዶክተር አያሌው ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነበሩ። የብዙዎች ጣፊያ ቀነሰ፣ የሌሊት ላብ ቆመ፣ ምግብ መብላት ቻሉ። በኅዳር 2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቀደ። ሁሉም እልል አለ።

እሳቸው ግን በዚያው ዓመት ሌላ ጽሑፍ አወጡ። በራሳቸው ሆስፒታል ኪኒኑን ከሞከሩት ሕሙማን አብዛኞቹ በሦስት ዓመት ውስጥ ማቆማቸውን፣ አንዳንዶቹ ሲያቆሙም ጣፊያቸው ባንድ ጊዜ ተመልሶ አብጦ ለከባድ አደጋ መዳረጋቸውን ጻፉ። መድኃኒቱ ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ ሥሩን አይነቅልም፤ ሲቆምም በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይሁን አሉ። እሳቸው ራሳቸው በሙከራው የተሳተፉበት መድኃኒት ነው። በሠርጉ ቀን የሙሽራይቱን ጉድለት እንደ መናገር ነው፤ ግን ለበሽተኛው የሚጠቅመው ይህ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እናንተ የገበያ ሰዎች ስለሆናችሁ ይገባችኋል። ዋጋ።

በ2015 እ.ኤ.አ. 118 የታወቁ የካንሰር ሐኪሞች ስለ መድኃኒት ዋጋ አንድ ጽሑፍ በጋራ ፈረሙ። የጽሑፉ መሪ ዶክተር አያሌው ተፈሪ ናቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀዱ አዳዲስ የካንሰር መድኃኒቶች ሁሉ ለአንድ ሰው በዓመት ከ120,000 ዶላር በላይ ይጠይቁ እንደነበር ጻፉ። መድን ያለው አሜሪካዊ እንኳን ከኪሱ የሚከፍለው የቤተ ሰቡን የዓመት ገቢ ግማሽ ሊበልጥ ይችላል አሉ። ዋጋው ተገቢ መሆኑን የሚመረምር አካል ይቋቋም፣ መንግሥት ከኩባንያዎቹ ጋር ይደራደር፣ በሽተኛም ለራሱ የሚሆነውን መድኃኒት ድንበር ተሻግሮ፣ ለምሳሌ ከካናዳ፣ እንዲያስገባ ይፈቀድለት ብለው ጠየቁ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን መድን በሚገዛቸው አንዳንድ መድኃኒቶች ዋጋ ላይ እንዲደራደር የሚፈቅድ ሕግ ወጣ።

ድንበር ተሻግሮ መግዛት የሚለውን ሳነብ ሳቅሁ። የመተማ ሰው ከገላባት ማዶ ያለውን ዋጋ ከዚህ ጋር ሳያስተያይ መቼ ያድራል? ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። በሀብታም አገር፣ በታላቅ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም «ሊገዛ የማይችል መድኃኒት ለበሽተኛዬ አይጠቅመውም» ብሎ ከቆመ፣ እኛ እዚህ ቆላ ያለን ምን እንበል?

ስለ እታለም ልጨርስ። ያ አዲሱ ኪኒን አልደረሳትም። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባል የቆየና ዋጋው የማይከብድ መድኃኒት ታዘዘላት፤ ጣፊያዋ ትንሽ ቀለላት። ደሟ ሲያንስ ደም ይሰጣታል። ደም የሰጣችኋት እህቶች እዚህ አላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ቆየች። ቀደም ብሎ ቢታወቅ ኖሮ ትድን ነበር አልላችሁም፤ ውሸት ይሆናል። በሽታው ከባድ ነው። ግን ያ መተኮስ፣ ያ 17 ቀን መርፌ፣ ያ አሥራ ስድስት ወር ስሙን ሳያውቁ መሰቃየት ይቀርላት ነበር። ጎረቤት ስኒዋን ለይቶ ማስቀመጡም ይቀርላት ነበር፤ ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም።

ከአሥራ ስድስቱ ወር አራቱ ደግሞ የእኛው የማኅበራችን ናቸው። ይህን ስናገር አትቀየሙኝ። ሪፈሩ ከተጻፈላት በኋላ ለመሳፈሪያና ለጎንደር ማረፊያ የሚሆን ገንዘብ አልነበራትም። በደብተሯ ላይ ቁጠባ ነበራት። ደንባችን ግን ለንግድ ካልሆነ አያበድርም፣ ቁጠባም ከዓመቱ መጨረሻ በፊት አይነካም ይላል። «ልጠይቅልሽ» አልኋት። «ደንቡን ያጻፍሁት እኔ ነኝ፤ እኔው አላፈርሰውም» አለችኝ። አራት ወር ጠበቀች። ደንቡን ስንጽፍ ክፉ ሐሳብ አልነበረንም። ገንዘቡ በየሰበቡ እንዳያልቅ ፈርተን ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ቤታችሁ ይዛችሁት የምትሄዱትን ልናገርና ለጉባኤው የማቀርበውን ሐሳብ ልጨምር።

ጣፊያ ሲያብጥ፣ ትኩሳት ሲኖር፣ መጀመሪያ የወባና የካላዛር ምርመራ ይደረግ። ይህን እንዳትዘሉት፤ በአገራችን የሚበዙት እነርሱ ናቸው፣ ይታከማሉም። ሆድ አታስተኩሱ። ያበጠ ጣፊያ ሊደማ ይችላል፤ የበሽተኛውም ደም ቶሎ የማይረጋ ሊሆን ይችላል። ምርመራው ነፃ ካለ፣ ወይም ሕክምናው ተጨርሶ ጣፊያው ካልተመለሰ፣ «ታዲያ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አታፍሩ። ሙሉ የደም ቆጠራ እንዲሠራ፣ ስላይዱም ለወባ ብቻ ሳይሆን ለሕዋሳቱ ቅርጽ እንዲታይ ጠይቁ። ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ በሁለት ጉርሻ መጥገብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ከገላ መታጠብ በኋላ የማይለቅ ማሳከክ፣ ሳይመቱ መበለዝ፤ ከእነዚህ አንዱ እየቆየ የሚበረታ ከሆነ ሙቀት ነው፣ ሥራ ነው ብላችሁ አትተዉት። መድኃኒት የተጀመረላት ደግሞ ቀለለኝ ብላ በራሷ ፈቃድ እንዳታቆም። የመውለድ ዕድሜ ላይ ያላችሁም ማርገዝ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ ከነዚህ መድኃኒቶች ፅንስን የሚጎዱ አሉ።

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል ገብቻለሁ። «ወባ የለም» ብዬ ከጻፍሁ በኋላ ስላይዱን ሳላነሣ ሕዋሳቱን ደግሜ አያለሁ። ያልተለመደ ነገር ካየሁ እጽፋለሁ። አብረውኝ ለሚሠሩ ወጣቶችም የእታለምን ስላይድ አሳያቸዋለሁ። እስካሁን አስቀምጨዋለሁ።

ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ የደንብ ማሻሻያ ነው። ሪፈር የተጻፈላት አባል፣ ወይም ልጇ፣ ወይም ባሏ፣ ወረቀቱን ባሳየች በሦስት ቀን ውስጥ ከጋራ ሣጥናችን የመሳፈሪያና የማረፊያ ብድር ያለ ወለድ ታግኝ። ብድሩም ከተመለሰች ከስድስት ወር በኋላ መከፈል ይጀምር። ሣጥኑ እንዳይጎዳ እያንዳንዳችን በወር አሥር ብር እንጨምር።

ደጋፊዎቻችን፣ እናንተን የምጠይቃችሁ ሕንፃ አይደለም። በአካባቢያችን ያሉ የላቦራቶሪ ሠራተኞች ለጥቂት ሳምንት ጎንደር ሄደው የደም ስላይድን ከወባ አልፈው ማንበብ እንዲማሩ ብትረዱን ይበቃናል። ማይክሮስኮፑ እኛ ዘንድ አለ። የጎደለን የሚያይ ዓይን ነው፤ ዓይን ደግሞ በትምህርት ይገኛል።

እታለም «የማን ልጅ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። በኋላ ላይ፣ ስለዚያ ስለ ዋጋው ጽሑፍ ስነግራት፣ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ያሳደገችው እናት የገበያ ሴት ሳትሆን አትቀርም፤ ዋጋ ያውቃል» አለች። እሷ ያለችው ነው እንጂ እኔ አላውቅም። ግን ያን ቀን ስቃ ስለነበር አልረሳውም።

ሰብሳቢያችን፣ ሐሳቡን ለድምፅ አቅርቢልኝ።

(ከዝግጅት ክፍሉ፦ የደንብ ማሻሻያው በጉባኤው ላይ በእጅ ብልጫ ጸድቋል። የአሥር ብሩ መዋጮ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከመደበኛው ቁጠባ ጋር ይሰበሰባል።)